ለማሪጎልድ ማረፊያ ስንመርጥ

ጀልባችሁን ደቡብ አውሮፓ ወስዳችሁ የት እንደምታስሯት ከጨነቃችሁ እኔን ጠይቁኝ። ጀልባ የለንም እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም የለኝም። ግን ጉዳዩን ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠናሁ ሰው ነኝ፤ ይህ ሁሉ እውቀት እኔው ዘንድ ሻግቶ እንዲቀር አልፈልግም።

መጀመሪያ የሚታየው ጥልቀት ነው። ጀልባዋ ከውሃ በታች ያላት ሆድ ምን ያህል ነው? ወደቡስ ያን ያህል ውሃ አለው ወይ? ቀጥሎ ነፋስ። ከየት ይመጣል? ሲመጣስ ወደቡ ፊቱን ነው የሚሰጠው ጀርባውን? ከዚያ የመጠጥ ውሃ፣ መብራት፣ ገላ መታጠቢያ። በሜዲትራኒያን ደግሞ ጀልባ እንደኛ ሲያትል በጎኗ አትታሰርም። ጀርባዋን ለግንቡ ሰጥታ፣ አፍንጫዋን ወደ ባሕሩ አዙራ፣ ከግራና ከቀኝ ካሉት ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥማ ነው የምትቆመው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ላይ እንደምንቀመጠው ማለት ነው። ስለዚህ የመጨረሻውና ትልቁ ጥያቄ ጎረቤት ነው። ጎረቤትን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ፈረንጆቹ ስለ ጀልባ በጻፏቸው መጻሕፍት ውስጥ የለም።

ይህን ሁሉ ከየት አወቅህ ካላችሁ፣ ታሪኩ ያሳፍራል። እነግራችኋለሁ። ስነግራችሁ ግን ወደ ሌላ ወደ ሌላ እያያችሁ ስሙኝ።

በፈረንጅ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲያትል መሐል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራ ነበር። ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እሰጣለሁ። ዋልተር የሚባል ረጅም ሽማግሌ በየማክሰኞው እዚያ ፓርክ ያደርጋል። ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። «ዋልተር» ብዬ በስሙ ነው የምጠራው፤ እነሱ አገር አንቱታ የለም። እዚህ አገር ከመጣሁ ፈጥኜ የለመድኩት ይህንን ብቻ ነው።

አንድ ማክሰኞ ዋልተር ቁልፉን መኪናው ውስጥ ረስቶ በሩን ቆለፈው። እኔ በሽቦ ከፈትኩለት። የት ተማርክ ቢለኝ፣ አዲስ አበባ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት እሠራ ነበር አልኩት። እውነት ነው። ጣሊያንኛዬም ከዚያው ነው። ወሬው ስለ ካርቡራተር ከሆነ አቀላጥፌ እናገራለሁ። ስለ ሌላ ነገር ከሆነ ራሴን እየነቀነቅሁ እሰማለሁ።

በዚያ ሰሞን ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ለሦስት ነበር የምንኖረው። አንደኛው ያንኮራፋል፣ ሌላኛው የሚያንኮራፋውን ለመቀስቀስ ያፏጫል። ይህን ለዋልተር እንደ ቀልድ አወራሁለት። እሱ ግን አልሳቀም። ሌክ ዩኒየን የሚባለው ሐይቅ ላይ ማሪጎልድ የምትባል ባለ ሸራ ጀልባ አለችኝ አለኝ። በብርድ ወራት ውስጧ የሚያድር ሰው ያስፈልጋታል። ገመዷን የሚያይ፣ ሆዷ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ በፓምፕ የሚያወጣ፣ ማሞቂያዋን የሚጠብቅ። ትኖርባታለህ ወይ አለኝ። «ለአንድ ክረምት ብቻ» አለ።

እሺ አልኩ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ክረምት መቼ ነው የሚያልቀው? በኛ አገር ዝናቡ ሲያቆም አይደል? ሲያትል ዝናቡ መቼ አቆመ? ይህን ክርክር ለራሴ ብዙ ጊዜ አቅርቤ ብዙ ጊዜ ረትቻለሁ።

ማሪጎልድ ውስጥ ሰው እንደ ንጉሥ ይኖራል። አልጋዋ ጠባብ ናት፣ ግን ትወዘውዛለች። ምድጃዋ አንድ ድስት ትችላለች፤ እኔም አንድ ድስት ነው ያለኝ። ሽሮ ስሠራ ሽታው ሸራው ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ በኋላ ሸራው ሲዘረጋ የሐይቁ ሰው ሁሉ ዞር ዞር እያለ ያያል። ሴንትራል ዲስትሪክት፣ ቼሪ መንገድ ላይ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ይመር ስሜን ለውጠው «ካፒቴን» ይሉኝ ጀመር። ጋሽ ይመር የደሴ ሰው ናቸው፤ ምስርና በርበሬ ይሸጣሉ፣ የሰፈሩን ሐበሻ ሁሉ ያስታርቃሉ። ሱቃቸው በገባሁ ቁጥር ለገበያተኛው «መንገድ ልቀቁ፣ ካፒቴኑ የባሕር ኃይሉን ቀለብ ሊገዛ መጥቷል» ይላሉ። እኔም አልቀየምም። ትንሽ ደረቴን ነፋ አድርጌ አንድ ኪሎ ምስር እገዛለሁ።

ዋልተርና ሚስቱ ዶሮቲ እሑድ ከሰዓት ጀልባቸውን ሊያዩ ይመጣሉ። ዶሮቲ አጭር፣ ባለ ቀይ ክፈፍ መነጽር የምታደርግ፣ ትምህርት ቤት ዘፈን ታስተምር የነበረች ሴት ናት። ሲመጡ ያንኳኳሉ። የራሳቸውን ጀልባ ማለት ነው። እኔም «ግቡ» እላለሁ። ሻይ አፈላለሁ፣ ትራስ አቀርባለሁ። እንግዶቼ እንደመሆናቸው ምንም አላጎደልኩባቸውም። ዶሮቲ ግን እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ስለማትችል ተነስታ ኩባያ ታጥባለች። ስታጥብ ታንጎራጉራለች። የቤተክርስቲያን መዝሙር ይመስለኝ ነበር።

በነዚያ እሑዶች ስለ አገራችን ባህል አስተማርኳቸው። ይህን በኩራት ነው የምናገረው፤ ማለቴ ያኔ በኩራት ነበር። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለን አልኳቸው። እናንተ የላችሁም። እናንተ ሰውን «ሂድልኝ» ትሉታላችሁ፤ እኛ ግን እንግዳ ዓመት ቢቀመጥ ሂድ አንልም። እሱ ራሱ አውቆ እስኪነሳ እንጠብቃለን። ዶሮቲ ካልተነሳስ አለች። ካልተነሳ ሽማግሌ ይላካል አልኳት። ከባድ ነገር ፊት ለፊት አይነገርም። የተከበሩ ሰዎች ኮት ለብሰው ይሄዳሉ፣ ቆመው ይናገራሉ፣ እሺ እስኪባሉ አይቀመጡም። ዶሮቲ ከቦርሳዋ ትንሽ ደብተር አውጥታ ጻፈችው። «ኮት» የሚለውንም ጻፈች። በጣም ደስ አለኝ። እነሱም እንደኛ ሰው ሊሆኑ ነው ብዬ አሰብኩ።

ክረምቱ ሲያልቅ፣ ማለትም በነሱ አቆጣጠር ሲያልቅ፣ ዋልተር አንድ ትልቅ ካርታ ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና መዳፉን ሜዲትራኒያን ላይ አሳረፈ። ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚያስበው ነገር እንደሆነ ነገረኝ። ማሪጎልድ በጭነት መርከብ ትሄዳለች። እዚያ ስትደርስ እሱና ዶሮቲ ሸራ ዘርግተው በጋውን ከወደብ ወደብ ሲዞሩ ይከርማሉ፤ ሲበርድ ወደ አንድ ማረፊያቸው ይመለሳሉ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ጉልበቱና እጁ ሳይከዱት መሄድ ይፈልጋል። የቀረው ማረፊያዋን መምረጥ ብቻ ነው። ማረፊያ ከተገኘ በዚያው በጋ ይሄዳሉ። «አንተ ጣሊያንኛ ትችላለህ፤ የእጅ ጽሕፈትህም ያምራል። ደብዳቤዎቹን ብትጽፍልን?» አለኝ።

እሺ አልኩ። እሺ ስል ዓይኔ አልጋዬ ላይ ነበር።

ነገሩ ገባችሁ አይደል? ማረፊያ ተገኘ ማለት ማሪጎልድ ሄደች ማለት ነው። ማሪጎልድ ሄደች ማለት እኔ ወደሚያንኮራፋውና ወደሚያፏጨው ተመለስኩ ማለት ነው። አንድ ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ ለአልጋው አዲስ አገር እንዲፈልግ ተሾመ። ክፋት አላሰብኩም። ለሽማግሎቹ ጥሩ ነገር እንዲመረጥ ብቻ ነው ያሰብኩት፤ ጥሩ ነገር ደግሞ ጊዜ ይወስዳል።

መጀመሪያ ከደቡብ ስፔን መልስ መጣ። በእንግሊዝኛ ነው የጻፉት። ውሃው ጥልቅ ነው፣ ቦታው ሰፊ ነው፣ በሩ ላይ ዘበኛ አለ። ዋልተር ደስ ብሎት ወደ እኔ አየ። እኔ ቀስ ብዬ ጭንቅላቴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። ዘበኛ ለምን አስፈለገ አልኩ። ሌባ በሌለበት ዘበኛ ይቀጠራል? ዋልተር አሰበበት። እኔ ግን ማሪጎልድ የታሰረችበት የጀልባ ማቆሚያ በር ላይም ዘበኛ እንዳለ፣ በየጠዋቱም ሰላም እንደምንባባል አልተናገርኩም።

ቀጥሎ ግሪክ። አንዲት ደሴት ላይ ያለ ትንሽ ወደብ ነው፤ ፎቶግራፍ ሁሉ ልከዋል። ነጫጭ ቤቶች፣ ሰማያዊ ባሕር፣ ግንቡ ላይ የተኙ ድመቶች። ድመቶቹን ቆጠርኳቸው። ይህን ሁሉ ድመት የሚመግበው ማነው አልኩ። ዓሣው ሁሉ ለድመት እያለቀ ነው ማለት ነው፤ እናንተ ምን ልትበሉ ነው? እንዲህ ያለ ነገር በረጋ ድምፅ ሲነገር እውቀት ይመስላል። ዋልተር ግሪክን በእርሳስ ሰረዘ። በጋው አለፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። በመጀመሪያው ዓመት ዋልተር ከሐይቁ ዳር የእንጨት መተላለፊያ ወደ ጀልባዋ ሲወጣ እንደ ወጣት ይዘል ነበር። በሁለተኛው ዓመት በጀልባዋ ዙሪያ ያለውን የብረት ገመድ መያዝ ጀመረ። ቀጥሎ በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ዶሮቲ ከኋላ ጀርባውን ደገፍ ታደርገው ጀመር። ይህን ከዳሴ፣ ይቅርታ፣ ከጀልባዬ፣ አሁንም ይቅርታ፣ ከጀልባቸው ውስጥ ሆኜ በመስኮት አየው ነበር። ሳይ ወዲያው ሻይ ማፍላት እንዳለብኝ ትዝ ይለኛል።

ሁለተኛው ጸደይ ሲመጣ ወደ ሲሲሊ ጻፍኩ። አሁን ጎረቤትን ጨመርኩበት። አባቴ አዲስ አበባ ቤት ሲከራይ ጣሪያና ግድግዳ አያይም ነበር። ከጎን ያለውን ቤት አንኳኩቶ ውሃ ይለምናል። ውሃውን በምን ዕቃ እንደሰጡት፣ እየሳቁ ይሁን እያጉረመረሙ አይቶ ይወስናል። ይህን ለዋልተርና ለዶሮቲ ተናግሬ ነበር። ሁለቱም በጣም ወደዱት። እኔ የወደድኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ የትኛው የወደብ ሹም ነው እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመልሰው? ደብዳቤው ዓመት ይዞራል አልኩ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ከማረፊያው በስተቀኝ ማን አለ? በስተግራስ ማን አለ? ሰላምታ ይሰጣሉ? ውሃ ቢለመኑ በምን ይሰጣሉ?

መልሱ በሦስት ሳምንት መጣ። በጣሊያንኛ፣ አራት ገጽ። የወደቡ ሹም በሕይወቱ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል። በስተቀኝ ያለችው ጀልባ ባለቤት ውል አዋዋይ ነው። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ጀልባውን አንድም ቀን ከቦታው አንቀሳቅሶ አያውቅም፤ ግን በየጠዋቱ እየመጣ ያጥባታል። በስተግራ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። አንዲት ጀልባ በጋራ አላቸው። ከተኳረፉ አሥር ዓመት ሆኗቸዋል፤ ስለዚህ ቀን በቀን እየተፈራረቁ ነው የሚመጡት። ሁለቱም ደጋግ ናቸው። ውሃን በተመለከተ፣ እዚህ አገር ውሃ ለለመነ ውሃ ብቻ መስጠት ነውር ነው ይላል ሹሙ። ስለ ነፋሱ ደግሞ በመጨረሻ አንዲት አረፍተ ነገር ጽፏል። ሲሮኮ የሚባለው የደቡብ ነፋስ በዓመት ሦስት አራት ቀን ይመጣል፤ ያን ጊዜ ገመድ ማጥበቅ ነው፤ በቀረው ጊዜ ወደቡ ሳህን ውስጥ እንዳለ ውሃ ጸጥ ያለ ነው።

ስለ ካርቡራተር አንዲት ቃል የለበትም። ግን ያን ቀን ጣሊያንኛው ጥርት ብሎ ገባኝ። አንዳንዴ የማትፈልገው ነገር ይበልጥ ይገባል።

እሑድ ከሰዓት ዋልተር ከፊቴ ተቀምጦ፣ ዶሮቲ ጀርባዋን ሰጥታ ኩባያ እያጠበችና እያንጎራጎረች፣ ደብዳቤውን ጮክ ብዬ ተረጎምኩ። ጎረቤቶቹን እንዳለ ነገርኳቸው። ዋልተር በሁለቱ ወንድማማቾች እስኪያስለው ሳቀ። ነፋሱ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ሲሮኮ የማይነፍሰው በዓመት ሦስት አራት ቀን ነው» አልኩ። «በነዚያ ቀናት ወደቡ ጸጥ ያለ ነው።»

የዶሮቲ እንጉርጉሮ ቆመ። ቧንቧው ብቻ ነው የሚሰማው።

«እንደዚያ ነው የሚለው?» አለች፣ ሳትዞር።

«እንደዚያ ነው የሚለው» አልኩ።

አንድ ኩባያ ሁለት ጊዜ አጠበች። ዋልተር ካርታውን አጥፎ «የሚያሳዝን ነው፣ ጎረቤቶቹን ወድጃቸው ነበር» አለ። ከዚያ በሚቀጥለው እሑድ እሱ ራሱ «እስቲ ፖርቱጋልን ሞክር፣ ምንም አያስቸኩልም» አለኝ። ምንም አያስቸኩልም ማለቱን በደስታ ሰማሁት። ሦስተኛውን ክረምት ጀልባዋ ላይ ከረምኩ። ለፖርቱጋል አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ። ቴምብር ግን አልለጠፍኩበትም።

ሦስተኛው ጸደይ ገባ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጫማዬን ስጠርግ በመስኮት ስመለከት ሁለት ሰዎች በመተላለፊያው እንጨት ላይ ይመጣሉ። ጋሽ ይመርና አቶ ደምሴ ናቸው። አቶ ደምሴ ሲታክ አየር ማረፊያ ታክሲ የሚነዱ፣ ሰንበት የማያስታጉሉ ጸጥ ያሉ ሰው ናቸው። ሁለቱም ኮት ለብሰዋል። የአቶ ደምሴ ግራጫ ነው። ጋሽ ይመር በእጃቸው ኬክ የያዘ ካርቶን ይዘዋል። ኮት፣ ሁለት ሽማግሌ፣ ስጦታ።

ሊድሩኝ ነው ብዬ አሰብኩ። በርግጥ ሽማግሌ የሚላከው ወደ ልጅቷ ቤት ነው። ግን ይህ አሜሪካ ነው፣ ስንት ነገር ተገልብጦ አይተናል። ጀልባ ላይ የሚኖር ሰው የአንዷን ዓይን መሳቡ የሚጠበቅ ነው። ቶሎ ብዬ ፀጉሬን አበጠርኩ፣ ሸሚዝ ለወጥኩ፣ በውስጤም ልጅቷን አንድ ሁለቴ ገመትኳት። እሺ ከማለቴ በፊት ትንሽ ላስለምናቸው ወሰንኩ።

ገቡ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ይቀመጡ አልኳቸው።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ይመር። «ለምንነግርህ ነገር እሺ እስክትለን አንቀመጥም።»

«ባህሉን አውቃለሁ፣ ጋሼ። እስቲ ይናገሩ።»

በዚያው ቅጽበት አንዲት ትልቅ ጀልባ በአጠገባችን አለፈችና ማሪጎልድ ተወዛወዘች። አቶ ደምሴ ምሰሶዋን በሁለት እጃቸው አቀፉ። ፊታቸው ኮታቸውን መሰለ።

«ቶሎ ይንገሩት ጋሽ ይመር» አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። «እኔ ሆዴ አልቻለም።»

«ልጅ ሽፈራው» አሉ ጋሽ ይመር። ካፒቴን አላሉኝም። «የተላክነው ከትልቅ ቤት ነው። እነሱ አንተን ይወዱሃል። ሦስት ክረምት በር አልዘጉብህም። አሁን ግን ጉዳይ አላቸው። ሶ፣ እባክህ፣ ጀልባዋን ልቀቅላቸው።»

የምን ልጅ፣ የምን ድግስ። ምን ይላሉ እኚህ ሰውዬ ብዬ አፈጠጥኩ።

«ማነው የላካችሁ?»

«ዶሮቲ።»

ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ሳቅኩ። «ጋሼ፣ እነሱ እኮ ፈረንጆች ናቸው። እንድወጣ ቢፈልጉ ኖሮ ውጣ ይሉኝ ነበር። ይሉኝታ የሚባል ነገር የላቸውም።»

ጋሽ ይመር ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና በእርጋታ አዩኝ።

«ሴትዮዋ ሱቄ ድረስ መጣች» አሉ። «ቀይ መነጽር፣ ትንሽ ደብተር። ሽማግሌ ስንት መሆን አለበት አለችኝ። ሁለትም ይበቃል አልኳት። ኮት ይለበሳል አይደል አለችኝ። ይለበሳል አልኳት። ባዶ እጅ መሄድ ነውር እንዳይሆን ብላ ኬኩን ጋገረች። ወላሂ፣ ሠላሳ ዓመት ሽማግሌ ሆኜ ስላክ እንዲህ ያለ ሥርዓት የሚያውቅ ቤት አላየሁም። ማን እንዳስተማራት ጠየቅኳት። ሽፈራው ነው አለችኝ።»

የኬኩን ካርቶን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

«ማረፊያውን ይዘውታል» አሉ አቶ ደምሴ ከምሰሶው ስር።

«የቱን ማረፊያ?»

«የሲሲሊውን» አሉ ጋሽ ይመር። «ከያዙት ዓመት ሆናቸው። ራሷ ናት የጻፈችው። የወደቡ ሹም ጀልባዋ መቼ ነው የምትመጣው እያለ በየወሩ ቤታቸው ይጽፋል አሉ። ምን ብለን እንንገረው እያሉ ሲጨነቁ ነው ዓመቱ የዞረው።»

«በምን ቋንቋ ነው የጻፈችው?» አልኩ። ለምን ይህን እንደጠየቅሁ አላውቅም። አውቄዋለሁ መሰለኝ።

«ዘፈን አስተማሪ አይደለችም እንዴ? የጣሊያን ዘፈን ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ያንን ደብዳቤ አንተ ከመተርጎምህ በፊት አንብባዋለች። ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር አሉ።» ጋሽ ይመር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህንን ለሱ አትንገሩት፣ ያፍራል ብላኝ ነበር። እኔ ግን ነገርኩህ። እኔ ፈረንጅ አይደለሁም።»

ማሪጎልድ እንደገና ተወዛወዘች። አቶ ደምሴ አቃሰቱ።

«ኧረ እሺ በለንና እንቀመጥ» አሉ።

እሺ አልኩ። ተቀመጡ። ኬኩን ቆረስኩላቸው። አቶ ደምሴ አልበሉም፣ እኔም አልበላሁም። ጋሽ ይመር ሁለት ጊዜ በሉ። ሎሚ አለበት፣ ጥሩ ነው አሉ።

አሁን ያን ሁሉ እሑድ ወደ ኋላ አስቡት። እኔ እዚያ ተቀምጬ ስለ ድመትና ስለ ዘበኛ ስተርክ፣ በኋላም ቴምብር ላልለጠፍኩበት የፖርቱጋል ደብዳቤ መልስ ስጠብቅ፣ ዋልተርና ዶሮቲ ሻዬን እየጠጡ ያውቁ ነበር። ምንም አያስቸኩልም ያለኝ ጊዜ እየሰጠኝ ነበር። አውቄ እስክነሳ እየጠበቁኝ ነበር። እንደዚያ ነው ብዬ ያስተማርኳቸው። እኔ ይሉኝታ የላችሁም ያልኳቸው ሰዎች የኔን ይሉኝታ ተሸክመው በራሳቸው በር ላይ ያንኳኩ ነበር።

በዚያው ሳምንት ዕቃዬን አወጣሁ። አንድ ድስት ነው። ጋሽ ይመር ሽማግሌ ያስወጣውን ሰው ሜዳ ላይ መጣል ለሽማግሌው አያምርም ብለው ከሱቃቸው ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጡኝ።

ማሪጎልድ በክሬን ተነስታ ጭነት መርከብ ላይ የወጣች ዕለት ልሰናበታቸው ሄድኩ። ዋልተር እጄን ያዘ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቀልቤን ወደዚያ ላለማድረግ ክሬኑን አየሁ። «ስላቻኮልንህ ይቅርታ» አለኝ። ሁለት ዓመት አቆይቼው። መሬቱ እንዲሰነጠቅልኝ ፈለግኩ፤ ግን ኮንክሪት ነው። ዶሮቲ አቀፈችኝና ምንም አላለችም። እኔም ስለ ሲሮኮ ምንም አላልኩ። ማለት ነበረብኝ። እስካሁን አላልኩም፤ ለእናንተ ነው የመጀመሪያው።

በዓመቱ ደብዳቤ መጣ። የዶሮቲ ጽሕፈት ነው። በደረስን ዕለት በስተቀኝ ያለውን ውል አዋዋይ አባትህ እንደሚያደርጉት ውሃ ለመንኩት ትላለች። በትልቅ ብርጭቆ፣ ሎሚ ጨምቆበት፣ ሳህን ላይ አስቀምጦ አመጣልኝ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሎሚ ያመጣል። ወንድማማቾቹ ቀን በቀን እየተፈራረቁ ከዋልተር ጋር ካርታ ይጫወታሉ። አንደኛው ሌላኛው ትናንት ምን እንዳለ ዋልተርን ይጠይቃል፤ ዋልተርም ይነግረዋል፤ እንደዚያ እያሉ መነጋገር ጀምረዋል።

ከወዲያ ገጽ ደግሞ እንዲህ ይላል። ሸራውን አልዘረጋነውም። የዋልተር እጅ ገመድ መሳብ አልቻለም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ነው የከዳው። ስለዚህ ማሪጎልድ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ በጋውን ሙሉ እዚያው ግንቡ ጋ ተቀምጠን ነው ያሳለፍነው። ግን ምንም አይደለም። እዚሁ ለሚቀመጥ ሰው ከጎረቤት የበለጠ ምን ያስፈልጋል? ዋልተር ለሚመጣው ሁሉ ይህን ቦታ የመረጠልን ሽፈራው ነው ይላል።

ይህን ደብዳቤ ስንቴ እንዳነበብኩት አትጠይቁኝ። ምክሬ ልክ ሆነ። ማረፊያ ሲመረጥ ከጥልቀቱም ከነፋሱም ጎረቤት ይበልጣል ያልኩት እውነት ሆኖ ተገኘ። እውነት እንዲሆን ግን አንድ ሽማግሌ ሸራ መዘርጋት የሚችልበት ሁለት በጋ ማለፍ ነበረበት። እነዚያን ሁለት በጋዎች የት እንዳደረስኳቸው እኔ አውቃለሁ። ተኝቼባቸው ነበር።

ደብዳቤው ግርጌ ላይ ዶሮቲ አንድ መስመር ጨምራለች። ያቺ አልጋህ ባዶ ናት፣ ለአንድ ክረምት ብቻ ና፣ ዋልተር ደስ ይለዋል።

አልችልም ብዬ ጻፍኩላት። አመሰግናለሁ፣ ግን አልችልም። ሥራ አለብኝ አልኩ። ሥራ አልነበረም ምክንያቱ። ቴምብሩን ግን ለጠፍኩበት፣ ፖስታ ሳጥን ውስጥም ጣልኩት። ለጋሽ ይመር ስነግራቸው ምስር እየመዘኑ ነበር፤ ሚዛኑን ለቀቁና «ይኸው፣ በመጨረሻ ተማርክ» አሉ። ከዚያ ወደ ጓዳው በር፣ ወደ ክፍሌ፣ አየት አደረጉና ሌላ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

የጋሽ ይመር ክፍል ምቹ ናት። ከጀልባዋ ትሰፋለች፣ አትወዘውዝም፣ በርበሬና ቅመም ይሸታል። ለአንድ ክረምት ብቻ ነው የገባሁት፤ እንዴት እንደሆነ እንጃ አሁን ሦስተኛው ነው። ዛሬ ጠዋት ወደ ሱቁ ብወጣ አቶ ደምሴ ያንን ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። አንድ ሌላ ሽማግሌም አብረዋቸው አሉ። ወንበር አቀረብኩላቸው።

አንቀመጥም አሉኝ።